ይደርሳል

«ምን አስቸኮለህ፣ ይደርሳል» የሚል ሰው በሰፈራችሁ አይጠፋም መቼም። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ የቤተሰባቸውን ፓስፖርት ሊያሳድሱ የሄዱት ዱባይ ሊበሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ተሰልፈው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሠራተኛዋ መዝገቡን አየችና፣

«የአራታችሁንም ባለፈው ወር ወስደዋል እኮ፤ ፊርማዎም ይኸው» አለቻቸው።

ፊርማው ቁርጥ የራሳቸው ነበር። ለመሆኑ ሰው በዕድሜው አንዴ ጉዳዩን ቀድሞ ቢጨርስ፣ እንዴት ራሱ አይሰማም?

አውሮፕላኑ በሄደ ማግስት አራቱም እኔ ቤት ተክዘው ተቀምጠው ሳለ ስልኬ ጠራ፤ የውጭ ቁጥር ነው። ድምፁ የጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ፊት ለፊቴ ሻያቸውን እያማሰሉ ነው።

«እንዳታስቡ ብዬ ነው» አለኝ ድምፁ፣ «አራታችንም በሰላም ደርሰናል።»