አልጠራ ያለው ፎቶና የሰፈራችን ፕሮፌሰር

«ተበላሸ» የሚለውን ቃል ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተ ገና በሹክሹክታ «ቧንቧው ሊያፈስ ነው መሰለኝ» ስትባባሉ፣ እሱ ጉጠቱን ይዞ በራችሁ ላይ ቆሟል። የእኛው ሰው ጡረታ የወጡ የካሜራ ጠጋኝ ናቸው። ሰፈሩ በማዕረግ አይሰስትምና ክቡር ፕሮፌሰር እንላቸዋለን። እሳቸውም ስንጠራቸው ያለ ምንም ሀፍረት ዞር ይላሉ።

የክቡርነታቸው መፈክር «ይሄማ ቀላል ነው!» የሚል ነው። ፍሪጃችንን ይህን ብለው ፈቱት። መልሰው ሲገጥሙት አንድ ብሎን ተረፈ። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ያቃስታል። ከሩቅ ሳያቸው መንገድ የምሻገርበት ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም።

ታናሽ እህቴ ከሞተች በኋላ የቤታችን በር ጭር አለ። አጽናኙ ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ቀን በቀን የሚያንኳኩት እሳቸው ብቻ ሆኑ፤ አንዴ ማጠፊያው ጮኸ ብለው፣ አንዴ ሶኬቱ ላላ ብለው።

እህቴ ፎቶ አንሺ ነበረች። መስኮት የለሿን ዕቃ ቤታችንን ጨለማ ክፍል አድርጋ፣ ፊልም በእጇ እያጠበች፣ በዕድሜ በሚበልጣት የፎቶ ማጉያ ማሽን ታትም ነበር። ማሽኑን ያገኙላትም፣ አያያዙን ያስተማሯትም ፕሮፌሰር ናቸው። ሌላውን ሁሉ ስታነሳ የኖረች ልጅ ለራሷ ፎቶ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ቁልፉን ተጭና፣ ሮጣ መስኮቱ ስር ስትቀመጥ ራሷን ያነሳችበት አንድ ኔጌቲቭ ብቻ ቀረ። «ትልቅ አድርጌ አትሜ ሳሎን እሰቅልልሻለሁ» ብላ ለእናቴ ቃል ገብታ ነበር። በሽታው ቀደማት።

«እንግዲህ አንቺ አትሚልኝ፤ በእሷው ማሽን» አለችኝ እናቴ።

እህቴ ስትሠራ እያየሁ የለቃቀምኩትን ይዤ ገባሁ። በቀዩ መብራት ወረቀቱ ሰሃኑ ላይ በፈሰሰው የፎቶ መድኃኒት ውስጥ እየጠቆረ መጣ። ፊቷ ግን እንፋሎት የሸፈነው መስታወት ላይ የሚታይ ዓይነት ሆነ። ደገምኩት። ያው ነው። እናቴ ከበሩ ውጭ ወንበር ስባ ተቀምጣ «ወጣች?» ትለኛለች።

«ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ክቡር ፕሮፌሰር በር ላይ ነበሩ።

«ይሄማ ቀላል ነው!» አሉ ገና ጫማቸውን ሳይጠርጉ። ኔጌቲቩን በአጉሊ መነጽር አዩት፣ ማሽኑን አዩት፣ ከዚያ ሌንሱን ጨበጥ አደረጉት። ተንቀጫቀጨ። ጥርሱ ላይ በትክክል አልገባም ነበር። ፈተው፣ ጠርገው፣ አጠበቁት። አተምን። ፊቷ አልጠራም።

«እንግዲያው የማሽኑ ራስ ዘሟል» ብለው ውሃ ልክ አመጡ። ከማሽኑ እግር ስር ካርቶን እያጠፉ ሲወትፉ ዋሉ። አልጠራም። ቀጥሎ ጥፋተኛው አምፖሉ ሆነ፤ ኔጌቲቩን እያሞቀ ያጎብጠዋል ተባለ። ከፎቶ ማቀፊያ ሁለት መስታወት አውጥተው በመሃል ጠፍጥፈው አስቀመጡት። አልጠራም። ከዚያ ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን «መሬት እያንቀጠቀጠ ነው» አሉና ወጥተው አስጠፏት። ሴትዮዋ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ደረጃው ላይ ስትሳደብ፣ እሳቸው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እሽሽ! ሥራ ላይ ነን!» ይሏታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«ወጣች?» ትላለች እናቴ ከውጭ።

«እየመጣች ነው እትዬ! ትንሽ ነው የቀራት!»

እንዲህ ሲባል ሰነበተ። እናቴ ወንበሯን አልለቀቀችም። እኔም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በመድኃኒቱ ሽታ ታፍኜ፣ የእህቴ ፊት ሰሃኑ ላይ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ትጠፋብኝ ጀመር።

አንድ ቀን እሳቸው ወረቀት ሲቆርጡ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ወስጄ ማሽኑ ከስሩ ባለው ጣውላ ላይ የሚያበራውን ምስል ጎንበስ ብዬ አየሁት። የፊልሙ ቅንጣት ልክ እንደ አሸዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የመስኮቱ ፍሬም እንደ ምላጭ ስል ነው። የፈዘዘችው እሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው አይደል?»

መቀሱን አስቀመጡት። «ሌንሱን ካጠበቅነው ጀምሮ ጤነኛ ነው።»

«ፎቶው ግን…»

«ሮጣ ስትቀመጥ ካሜራው ቀድሟታል። አልረጋችም። ኔጌቲቩ ላይ የሌለውን ማንም አያወጣውም።»

«መቼ አወቁ?»

«የመጀመሪያውን ቀን።»

«ታዲያ ውሃ ልኩ? መስታወቱ? ያቺ ምስኪን ሴትዮ?»

«እናትሽ በር ላይ ነበሩ እኮ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹ወጣች?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ‹አትወጣም› ልበል? በምን አፌ?»

በጨለማው ውስጥ ጎን ለጎን ቆምን። በመጨረሻ ራሳቸው ትልቁን ወረቀት ዘርግተው አተሙት፣ አጠቡት፣ ውሃው እየተንጠባጠበ በሁለት እጃቸው ይዘውት ወጡ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው ጀመሩ። «ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ልጅቷ ስትቀመጥ…»

እናቴ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ፎቶውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አዞረችው። አይታ አልጠግብ አለች።

«ተንቀሳቅሳለች» አለች። «መቼ አርፋ ተቀምጣ ታውቅና!»

ሳቀች። እህቴን ከቀበርን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ አላለቀም፤ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና ፎቶውን እርጥቡን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ክቡር ፕሮፌሰር «ሰሃኖቹን ልለቅልቅ» ብለው ወደ ጨለማው ክፍል ተመለሱና በሩን ዘጉ። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ውሃ ስታባክን ያገኟትን ጎረቤት ሁሉ አቁመው የሚገሥጹ ሰው፣ ውሃውን ዝም ብለው ለቀቁት። ከውሃው ድምፅ ስር ሌላ ድምፅ ነበር፤ እንዳልሰማ አለፍኩት።

በሩን አላንኳኳሁም። ራት ላይ ለሦስት ሰው ሰሃን ደርድሬ፣ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።