ክቡር ሚስተር ኦልድሮይድና መቶ አርባ ሰባተኛዋ

አሮጌ የሽቅድምድም መኪና የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ደስታ ቀባሪ አይጠፋም። ያለ እሱ ማኅበር አይቆምም፤ እሱ ባለበት ደግሞ ማኅበር አይስቅም። ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ የቀረበች መኪና አይተህ ልብህ ሲመታ፣ ፎቶዋን ለሚስትህ ከማሳየትህ በፊት ለእሱ ትልካለህ። እሱም ሻዩ ሳይበርድ ገድሎ ይመልስልሃል።

የእኛው፣ የዮርክሻየሩ፣ ክቡር ሚስተር ክላይቭ ኦልድሮይድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ የሃርዊክ ባለቤቶች ማኅበር መዝገብ ያዥ፣ ይግባኝ የማይባልባቸው ዳኛ። ሃርዊክ ኮቨንትሪ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባለ ሁለት ወንበር መኪኖች ሠርቶ የከሰረ ፋብሪካ ነው። ከእነዚህ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት መቶ ያህል ናቸው። ሚስተር ኦልድሮይድ የተፈጠሩት ይህን ሂሳብ ለማስተካከል ነው።

ፍርዳቸው አጭር ናት፦ «ታምራለች። እሷ ግን አይደለችም።»

አንድ የሊድስ የጥርስ ሐኪም አባላችንን በዚህች ፍርድ ቀበሩት፤ ከፎቶው ጥግ ላይ የምትታይ አንዲት የፋብሪካው ያልሆነች ሪቬት፣ የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር፣ አይተው ነበር። ሌላው ምስኪን መኪናዋን አስቀድሞ ገዝቶ፣ ለምርቃቱ ጠራቸው። የክት ልብሳቸውን ለብሰው ጭቃው ላይ ተንጋለሉ፤ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረች መስተዋታቸውን ይዘው ከሥሯ ገብተው ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ወጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሁለት ቁራሽ ኬክ በሉ፣ ከዚያ ተናገሩ። በአንድ የማኅበራችን አባል ቀብር ላይ ደግሞ፣ የሟቹን ሚስት እጅ ጨብጠው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆመችው መኪና ስፖኪዮዎቿ የጣሊያን መሆናቸውን በታላቅ ሐዘኔታ ነገሯት። እንዳትታለል አስበውላት ነው።

እኔን የገደሉኝ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የሃርዊክ ፋብሪካ የሻንሲ ቁጥር የሚመታው በእጅ፣ በመዶሻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሰባት ቁጥር ማኅተም እግሯ ተሰበረ፤ ባለቤቱ ስስታም ስለነበር አልቀየራትም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የወጣ እውነተኛ የሃርዊክ ሰባት እግሩ ቆራጣ ነው። ሚስተር ኦልድሮይድ የመኪናዬን ምንጣፍ ገለጡና ሰባቴን በጣታቸው ዳበሱት። «ሙሉ ጤነኛ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዬ ጠጠሩ ሆነ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስንሰባሰብ መዝገቡ ላይ ያሉት መኪኖች ሣሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ የተቀረነው አስመሳዮች ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጠጠር ላይ እንቆማለን። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው መኪና፣ ቁጥር መቶ አርባ ሰባት፣ ከአባታቸው የወረሷት፣ የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር፣ ሁልጊዜ ከሣሩ መሐል፣ ባንዲራው ሥር ነች። ከጠጠሩ ላይ ሆኜ አሥራ አንድ ሰኔ አይቻታለሁ። ምን ያህል እንደጠላኋት አልደብቅም።

እንግዲህ ባለፈው የካቲት፣ ዝናቡ በማያባራበት ሳምንት፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ዌልስ ውስጥ፣ ከአንድ ጎተራ የወጣች ሃርዊክ። የሻንሲ ቁጥር፦ 147።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት መኪና። ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ከዚያ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብዬ ላክሁላቸው።

ሻይ ሳይበርድ የሚመልሱት ሰው ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ጉልበታቸው ረጅም መንገድ እንደማያስነዳቸው፣ ቅዳሜ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። ሄድን። አምስት ሰዓት ሙሉ ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወራነው።

ሻጯ ወይዘሮ ግዌንዳ ፕራይስ ይባላሉ፤ መኪናዋ የሟች አጎታቸው ናት። አጎትየው በ1969 እ.ኤ.አ. ከግንብ ጋር አጋጯት። ያን ጊዜ ሊብሬዋንና ኮፈኗ ሥር ያለችውን የሻንሲ ቁጥር የተጻፈባት ሰሌዳ ለአንድ የዮርክሻየር ሰው ሰጥተው፣ ሻንሲዋን ጎተራ ውስጥ ተዉት። «መለዋወጫ ሰብስቦ ሌላ ሊገጣጥም ነው ብሎኛል፤ ጨዋ ሰው ነበር» ይሉ ነበር አጎቴ፣ አሉን ወይዘሮዋ። የሰውየውን ስም ግን እሳቸው አያስታውሱም።

ሚስተር ኦልድሮይድ ተንበረከኩ። የእጅ ባትሪውን እኔ ያዝኩ። ጣታቸው ቁጥሩ ላይ ሄደ፣ ሰባቱ ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ።

«ውሸት ነች እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ግዌንዳ።

«አይደለችም» አሉ። «እሷ ናት።»

በሠላሳ ዓመት መዝገብ ያዥነታቸው ይህችን ቃል ሲናገሩ የሰማ የለም። እኔ ሰማሁ፤ ምነው ባልሰማሁ።

ሳይመሽ ቤታቸው ደረስን። ይግቡ ብዬ ልሰናበታቸው ስል፣ ወደ ጋራዡ ሄዱ። የሁላችንን ምንጣፍ የገለጡ ሰው፣ የአባታቸውን ቀይ ምንጣፍ አንድ ቀን ገልጠው አያውቁም። አባታቸው በእጃቸው አጣብቀውት፣ እንዳይነካ አደራ ብለው ነበር፤ ልጅየውም ስልሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላው አልነካም። አሁን በቢላ ጫፍ፣ ቀስ እያሉ፣ አላቀቁት። ሥሩ ያለው ሰባት እግሩ ሙሉ ነው፤ እንደ እኔው ሰባት ጤነኛ።

ሰባቱን ብዙ አላዩትም። ያዩት ምንጣፉን ነው። ሥሩ ላይ የደረቀው ማጣበቂያ ለሦስት ምንጣፍ ይበቃል።

«ማጣበቂያ አብዝቷል» አሉ። ስለ አባታቸው የተናገሩት ይኸው ነው።

ምንም አላየሁም፣ ማንም አያውቅም፣ ምንጣፉን መልሰን እንለጥፈው አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

«ባትሪውን የያዝክልኝ አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

በማግስቱ የተስተካከለው መዝገብ ለሁላችንም ደረሰ። መቶ አርባ ሰባት፦ ፕራይስ፣ ዌልስ። ከገጹ ግርጌ፣ አስመሳዮች በሚዘረዘሩበት፣ ከእኔ ስም ቀጥሎ፦ ኦልድሮይድ፣ ክ.።

ሰኔ መጣ፤ ዝናቡም አብሮ። በሩ ላይ ያለው አስተናጋጅ ልማድ ሆኖበት ወደ ሣሩ እጁን ዘረጋላቸው። መሪያቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ሽንት ቤቱን ዞሩ፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከላይ፣ ባንዲራው ሥር፣ አንድ የመኪና ቦታ ባዶውን ይዘንብበታል። የሊድሱ የጥርስ ሐኪም ከጠጠሩ ማዶ አንገቱን አስግጎ ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አየና ተወው።

ሰላምታ የለም። አይብና ኮምጣጤ የገባበት ሽንኩርት ያለበትን ሳንድዊች ከኪሳቸው አውጥተው፣ መኪናዬን ከላይ እስከ ታች እያዩ በሉ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

«የግራ በርህ ማጠፊያ ተገልብጦ ነው የተገጠመው» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ከሣሩ ላይ ሆኜ ሳየው ሲበላኝ ኖሯል።»

ጠመንጃ መፍቻቸውን አውጥተው ዝናቡ ላይ ተንበረከኩ። ያ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል።

«ዝም ብለህ አትቁም» አሉኝ። «ጃንጥላውን ያዝልኝ።»

ያዝኩላቸው።