ሊቀ ወይንና የአማቱ በርሜል

ብርጭቆ እጁ ከገባ ንግግር ሳያደርግ የማይጠጣ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እኛ ዘንድ የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

በዚህኛው ቤተሰብ ማዕረጉ የተሰጠው ለመነጽር ሻጩ ነው። ክቡር ሊቀ ወይን ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሚስቱ እህቶች ናቸው፤ እሱ ግን ቀልድ መሆኑን እስከ ዛሬ አልጠረጠረም። ሚስቱ ታውቃለች። በየግብዣው ከጎኑ ስለምትቀመጥ መከራውን የምታየውም እሷው ናት።

ሊቀ ወይን ወይን አይጠጣም፤ ይመረምራል። መጀመሪያ ብርጭቆውን እንደ ሱቁ መነጽር ወደ መብራት ያነሳዋል። ቀጥሎ ያሽከረክረዋል፤ የሰው የጠረጴዛ ልብስ ምን ገዶት! ከዚያ አፍንጫውን እስከ ቅንድቡ ይከታል። በመጨረሻ ጎንጨት አድርጎ አፉ ውስጥ ሲያንከባልል፣ ምግብ የቀረበለት ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ይጠብቃል።

"እምም... ታኒኑ ገና አልሰከነም" ይላል።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተው አስተናጋጁን አስጠራ። "ይሄ ወይን ያደረው የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያደረው" አለ አስተናጋጁ በኩራት።

ሌላ ጊዜ ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ተሳስተው "ደረቅ ወይን ስትል ምን ማለትህ ነው፣ ልጄ?" አሉት። ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ ማለት መሆኑን እያስረዳ ሳለ ኬኩ ተቆረጠ፣ ሙሽሮቹ ሄዱ፣ ወንበሩ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው ጠፋ።

ይኸው እንግዲህ ዘንድሮ የሚስቱ አባት ወይን ጠመቁ።

አባትየው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስ ማየት ብቻ ሆኖ ነበር። የወይን ፍሬ ገዝተው ከጨመቁ፣ በርሜል ካመጡ በኋላ ግን ድምፃቸው ተመለሰ፣ ፊታቸው ፈካ። ልጃቸው ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ባሏ አንዲት ክፉ ቃል ከተናገረ አባቷ ወደ መስኮታቸው ይመለሳሉ።

"አንድ ቃል ብቻ" አለችው፣ ሊቀምሱ ተጠርተው ሲሄዱ የአባቷ በር ጋ ሳይደርሱ። "'ይጣፍጣል' ትላለህ፣ ትቀመጣለህ።"

"'ይጣፍጣል' የወይን ቃል አይደለም።"

"ለዛሬ ነው!"

እህቶቿ ቀድመው ቀምሰዋል። ሁሉም "ውይ አባዬ፣ ሲጣፍጥ!" ካሉ በኋላ አንድ በአንድ በረንዳ ወጥተው ብርጭቋቸውን አበባው ላይ ደፍተዋል።

አባትየው ለአማቻቸው ቀዱለት። ወደ መብራት አነሳ፣ አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ጎነጨ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

"አባባ" አለ ሊቀ ወይን፣ "ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል።"

ሚስቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

አባትየው ወንበራቸውን ሳቡ። ወደ እሱ ነው የሳቡት።

"በምን አወቅህ?"

"አየር ገብቶበታል። ፈልቶ ከጨረሰ በኋላ አየር ካገኘው ይኮመጥጣል። በርሜሉን ይከፍቱታል እንዴ?"

"በየጠዋቱ ነዋ! ክዳኑን አንስቼ አይቼ እመልሳለሁ። ሞተር ሳይታይ ቀን ይጀመራል?"

"ይሄኛው ሞተር አይታይም፣ አባባ።"

"ኧረ በለው!" አሉና ከት ብለው ሳቁ። "እነዚህ ሁሉ 'ሲጣፍጥ' ይሉኛል። ልድገማችሁ ስላቸው ደግሞ ቸኩለናል ይላሉ። ምን እንዳበላሸሁ የሚነግረኝ አጥቼ ልተወው ነበር እኮ!"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? እርሾው የት ይገባል? አተላው መቼ ይለያል? ያ ታኒን የምትለው ምንድን ነው? ሊቀ ወይን እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም፤ ደስታው ምላሱን አሰረው። ታኒን ማለት ጠንካራ ሻይ ድድ ላይ የሚተወው ጭምድድ የሚያደርግ ስሜት ነው ብሎ እስኪጨርስ ሦስቴ ተንተባተበ። ጓሮ ወጥተው በርሜሉን አዩ፤ ቀጣዩን ጭማቂ አብረው ሊያሽጉ ተቀጣጠሩ። ሲመለሱ አባትየው ለራሳቸው ደግመው ቀዱ። ሊቀ ወይንም ብርጭቆውን ዘረጋ።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ደረቱን ይዞ ነበር የሚራመደው።

"ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ጣዕም ፊኒሽ ይባላል" አላት። "የአባትሽ ወይን ፊኒሹ እስካሁን አላለቀም።"

"ታዲያ ኮምጣጤ መሆኑን እያወቅህ ሁለተኛውን ምን አስጠጣህ?"

"ለራሳቸው ሲቀዱ አየኋቸዋ" አለ። "ብቻቸውን ይጠጡት እንዴ?"

ይህን ሰው ለምን እንዳገባችው አንዳንዴ ይጠፋት ነበር። ክንዱን ያዘችውና ዝግ ብለው ሄዱ።