ተርቦ የቆመ መኪና

(ጃንዋሪ 2014፣ ማክሰኞ ጠዋት። ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ የአንድ ሆስፒታል ፓርኪንግ። ትናንት ዘንቦ ሌሊቱን ሁሉ ነገር ወደ በረዶ ተለውጦ አድሯል። አንድ የናፍጣ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ከኋላ ወንበር ላይ የሌሊት የሥራ ፈረቃቸውን የጨረሱት እትዬ ፀሐይነሽ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አይታይም። ፊልጶስ ስልኩን ይዞ፣ ጓደኛው ተገኝ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ ኮፈኑ ሥር በሹክሹክታ ይከራከራሉ።)

ተገኝ፦ ተኝተዋል ወይስ አልተኙም?

ፊልጶስ፦ እኔ ምን አውቄ!

ተገኝ፦ አማትህ አይደሉ እንዴ?

ፊልጶስ፦ ገና አልሆኑም። ሽማግሌ የምልከው ቅዳሜ ነው። ድምፅህን ቀንስ።

ተገኝ፦ ከተኙ አይሰሙንም። ካልተኙ ደግሞ ብንጠይቃቸው ይነግሩናል።

ፊልጶስ፦ እሺ ሂድና «ተኝተዋል ወይ?» ብለህ ጠይቃቸው። (ጆሮውን ወደ መኪናው ያዘነብላል) ቆይ፣ ስማ! እያንኮራፉ ነው። ተመስገን።

ተገኝ፦ እሱ ማንኮራፋት ነው? እኔ መኪናው የተነሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊልጶስ፦ (ሳቁን አፍኖ) እሳቸውም ዲዝል ናቸው በለኛ!

ተገኝ፦ የኋላው መስኮት ትንሽ ክፍት ነው እኮ።

ፊልጶስ፦ ክፍት ይሁን። ሰው ተዘግቶበት ከተኛ ኦክስጅን ያልቅበታል። የሙቀትና የአየር ነገር ለእኔ ተወው።

ተገኝ፦ ለምን ወደ ውስጥ ተመልሰው አይሞቁም?

ፊልጶስ፦ ለመንኳቸው እኮ። «ተመልሼ ከገባሁ በብርዱ የቀሩትን ሰዎች የሥራ ሽፍት ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚጭኑት» አሉ።

ተገኝ፦ እንግዲያው በባስ እንውሰዳቸው።

ፊልጶስ፦ በባስ? ሳሮን በስንት ልመና «እናቴን ከሥራ አምጣልኝ» ብላኝ፣ እኔ የመኪና ኢንጂነር ነኝ ብዬ ለእናትየው ነግሬ፣ ቤታቸው ክላርክስተን ድረስ በባስ ላድርሳቸው?

ተገኝ፦ አንተ ኢንጂነር ነህ እንዴ?

ፊልጶስ፦ ቀስ በል! ፒችትሪ ኮርነርስ የምሠራው የመኪና ዕቃ መጋዘን ነው አይደል?

ተገኝ፦ አዎ፣ ካርቶን ስካን የምታደርግበት።

ፊልጶስ፦ ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? የመኪና ዕቃ! በቀን ሦስት መቶ የመኪና ዕቃ በእጄ ያልፋል። ታዲያ ምን ልባል?

ተገኝ፦ ገባኝ። እዚህ ሆስፒታል የመድኃኒት ካርቶን የሚያራግፈው ሰው ዶክተር ነው ማለት ነው።

ፊልጶስ፦ ከአንተ ጋር ማውራት ከበረዶ ጋር ማውራት ነው። (የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ ያስነሳል። መኪናው እርርር እርርር ብሎ ዝም ይላል። ወጥቶ ስልኩን ያያል።) አገኘሁት! የኢንተርኔት ፎረም ላይ አንድ የሚኒሶታ ሰው በደንብ ጽፎታል። ኢንተርኩለሩ በረዶ ሠርቷል!

(ተገኝ የመኪናውን የኋላ ትራንክ ከፍቶ፣ መጠጥ የሚቀዘቅዝበትን ትልቅ ሰማያዊ ሳጥን ተሸክሞ ይመጣል።)

ተገኝ፦ ኧረ ደረቅ ነው። ከቅዳሜው ኳስ የተረፈ አንድ ጁስ ብቻ ነው ያለው።

ፊልጶስ፦ ምንድን ነው ይሄ?

ተገኝ፦ ኩለሩ። በረዶ ሠርቷል አላልክም?

ፊልጶስ፦ ይሄ የጁስ ኩለር ነው! እኔ የምልህ ኢንተርኩለር!

ተገኝ፦ እሱስ ቢሆን በረዶ ቢገኝበት ምን ይገርማል? ኩለር የሚገዛው በረዶ ሊያዝበት አይደል?

ፊልጶስ፦ ያኛው የሚይዘው አየር ነው።

ተገኝ፦ ባዶ ነው በለኛ።

ፊልጶስ፦ እግዚአብሔር ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ። ከመጀመሪያው ላስረዳህ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከተርቦ ነው።

ተገኝ፦ እኔም እንደዚያው። ቁርስ ሳልበላ ነው ያወጣኸኝ።

ፊልጶስ፦ ሰው አይደለም የምልህ! መኪናው! ተርቦ!

ተገኝ፦ መኪናው ከሆነ የተራበው፣ ናፍጣ ግማሽ ጋን አለው፣ ምን ጎደለበት?

ፊልጶስ፦ (ሹክሹክታውን ረስቶ) ተርቦ! ተርቦ ነው! ተርቦ ነው የምልህ!

ተገኝ፦ እሺ አምኛለሁ፣ አትጩህ። ኩለሩን ልመልሰው።

(ተገኝ ሳጥኑን ይዞ ወደ መኪናው ኋላ ይሄዳል። ፊልጶስ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩ ላይ ያነባል። ተገኝ እያላመጠ ይመለሳል፤ ሳጥኑንም ሳይመልስ ፊልጶስ አጠገብ ያስቀምጠዋል።)

ተገኝ፦ ፊሊ፣ የኋላው መስኮት እኮ...

ፊልጶስ፦ መስኮቱን ተወው አልኩህ! ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ በመስኮት አይወጣም። አንተ ደግሞ ከየት ያመጣኸው ዳቦ ነው?

ተገኝ፦ እሱን እኮ ነው የምነግርህ። መስኮቱ ጋ ስደርስ...

ፊልጶስ፦ የሰው ትዳር ገደል ሊገባ ነው፣ አንተ ዳቦ ታኝካለህ! ስማኝ። ተርቦ የሚባለው ዕቃ አየር ይጨምቃል። አየሩ ሲጨመቅ ይሞቃል። ኢንተርኩለር ያቀዘቅዘዋል። ሲቀዘቅዝ ያልበዋል። ላቡ በዚህ ብርድ በረዶ ይሠራና መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል።

ተገኝ፦ መተንፈስ? እንኳንም ሆስፒታል በር ላይ ሆነ።

ፊልጶስ፦ አይገባህም። ፊዚክስ ነው።

ተገኝ፦ የት ነው ያለው?

ፊልጶስ፦ ማን?

ተገኝ፦ ኢንተርኩለሩ።

ፊልጶስ፦ ውስጥ ነዋ። ኢንተር ማለት ውስጥ ማለት ነው።

ተገኝ፦ ውስጥ የት?

ፊልጶስ፦ (አንድ ሰማያዊ ክዳን ይጠቁማል) ይኸውልህ።

ተገኝ፦ እሱ ላይ እኮ የመስተዋት መጥረጊያ ተስሎበታል።

ፊልጶስ፦ አዲስ ሞዴል ነው።

ተገኝ፦ (ማላመጡን አቁሞ) ቆይ ቆይ። አየሩ ተጨመቀ፣ ቀዘቀዘ፣ ውሃ አወጣ ነው ያልከው?

ፊልጶስ፦ አልኩህ እኮ፣ ፊዚክስ ነው።

ተገኝ፦ ይሄንንማ ጋሽ ነጋሽ በየጠዋቱ ያሠሩኝ ነበር።

ፊልጶስ፦ ጋሽ ነጋሽ ማን ናቸው? ፕሮፌሰር?

ተገኝ፦ የተሳቢ ሹፌር። ዲቪ እስኪደርሰኝ ድረስ በጅቡቲ መስመር ረዳታቸው ነበርኩ። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው። አየሩ የሚታመቅበት ጋን ውስጥ ሌሊት ውሃ ይጠራቀማል። ጠዋት ከሥር ከፍቼ ውሃውን ካላፈሰስኩ ጋሽ ነጋሽ እኔን ያፈሱኝ ነበር።

ፊልጶስ፦ ያ ፍሬን ነው፤ ይሄ ሞተር ነው። አትቀላቅል። እንደገና ላስነሳው።

ተገኝ፦ (ክንዱን ይዞ) ተው! ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ሞተሩ ያንን ውሃ ከዋጠው ፒስተኑ ይሰበራል። ያኔ አማትህንም መኪናህንም በአንድ ጠዋት ታጣለህ።

ፊልጶስ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ተገኝ፦ አንተ ምንም አትንካ። እኔ ካፍቴሪያ ሄጄ ሙቅ ውሃ ልለምን። ኩለሩን ስጠኝ።

ፊልጶስ፦ ሙቅ ውሃ በኩለር?

ተገኝ፦ ቀዝቃዛ እንዳይሞቅ የሚከለክል ሳጥን፣ ሙቅ እንዳይቀዘቅዝም ይከለክላል። ወይስ ይሄም ፊዚክስ ነው?

(ይሄዳል። ፊልጶስ ብቻውን ይቀራል። ከመኪናው ውስጥ ማንኮራፋት ይሰማል።)

ፊልጶስ፦ (ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ) ይተኙ እትዬ፣ ይተኙልኝ። ነቅተው ቢሆን ኖሮ ይሄ አፌ እንደገና ኢንጂነር ነኝ ይል ነበር። (ማንኮራፋቱ ይቆማል። ፊልጶስ ይደነግጣል። ማንኮራፋቱ ይቀጥላል።) ኢንጂነር አይደለሁም። ካርቶን ነው ስካን የማደርገው። የማታ የመካኒክ ትምህርት ቤት ፎርም ሞልቼ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ከገባሁ በኋላ ብወድቅ ሳሮን ምን ትለኛለች ብዬ ሁለት ወር አሳደርኩት። እሷ ግን መካኒክ ሁን፣ ኢንጂነር ሁን ብላኝ አታውቅም። የዋሸሁት ለእርስዎ ነው። ሌሊት ሙሉ ቆመው የሚሠሩ እናት ለልጃቸው የሚሆን፣ እሳቸውም የሚያርፉበት ሰው ይፈልጋሉ ብዬ ነው። (ሞተሩን መታ መታ አድርጎ) በል አንተም ተነሳልኝ። ቅዳሜ ይሄን ሁሉ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ወይም እሁድ።

(ተገኝ እንፋሎት የሚወጣበትን ኩለር ታቅፎ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ጥሎ ይመለሳል።)

ተገኝ፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ፊልጶስ፦ ከሞተሩ ጋር።

ተገኝ፦ ምን አለህ?

ፊልጶስ፦ ሥራህን ሥራ።

ተገኝ፦ እሺ። ግን ፊሊ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ፣ መስኮቱ...

ፊልጶስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው!

ተገኝ፦ ይሁን። (ከመኪናው ፊት ለፊት በጀርባው ይተኛል) ይኸውልህ ያንተ ኢንተርኩለር። ከራዲያተሩ ፊት፣ ከግጭት መከላከያው ኋላ። ከተርቦ የሚመጣው ወፍራም የጎማ ቱቦ እዚህ ይገባል። ውስጥ ሳይሆን ደጅ ነው ያለው፣ ነፋስ ላይ። ፎጣውን ሙቅ ውሃ ነክረህ አቀብለኝ።

ፊልጶስ፦ (እያቀበለ) ሚኒሶታም እንዲሁ ነው የሚለው።

ተገኝ፦ ሚኒሶታ መሬት ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ አጭር ያደርገው ነበር። ድገም... ድገም... አሁን የጎማውን ማሰሪያ አላላሁት። ወደ ኋላ በል።

ፊልጶስ፦ ለምን?

(ቧ! መዳፍ የሚያክል የበረዶ ቁራጭና አንድ ጣሳ ውሃ ወጥቶ የፊልጶስ ጫማ ላይ ይፈስሳል።)

ፊልጶስ፦ ጫማዬ! ለቅዳሜ ሽማግሌ ያዘጋጀሁት ጫማዬ!

ተገኝ፦ ወደ ኋላ በል ብዬህ ነበር። አሁን ካርቶን ስጠኝ። መንገድ ላይ ነፋሱ እንዳያቀዘቅዘው ግማሹን እጋርደዋለሁ።

ፊልጶስ፦ በቀን ሦስት መቶ ካርቶን ስካን የማደርግ ሰው ዛሬ አንድ ካርቶን የለኝም!

ተገኝ፦ ትራንኩ ውስጥ ያለውስ?

ፊልጶስ፦ እሱማ አይነካም! ቅዳሜ ለእትዬ የሚሰጥ ነው። የእግር ማሸት ማሽን ነው።

ተገኝ፦ ማሽኑን ለእሳቸው፣ ካርቶኑን ለመኪናው።

(ካርቶኑን ቀድዶ ከፊት ይሸጉጣል። ካርቶኑ ላይ ትልልቅ ባዶ እግሮች ተሥለዋል።)

ፊልጶስ፦ መኪናው እግር አበቀለ!

ተገኝ፦ ካልተነሳ በእግሩ ይሄዳል። ጎማውን መልሼ አስሬዋለሁ። ሞክር።

(ፊልጶስ ገብቶ ያስነሳል። እርርር... እርርር... ግው! መኪናው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ፊልጶስ ዘሎ ይወጣል፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ይዘላሉ፤ ፊልጶስ ያዳልጠዋል፤ ተገኝን ይዞት ይወድቃል።)

ፊልጶስ፦ ተነሳ! ተነሳ!

ተገኝ፦ አንተ ላዬ ላይ ሆነህ እንዴት ልነሳ?

(ክላርክስተን፣ የእትዬ ፀሐይነሽ አፓርትመንት በር ላይ። መኪናው ቆሟል፤ ማሞቂያው ሙቅ አየር ይነፋል። ከኋላ ወንበር ከባድ ማንኮራፋት ይሰማል። ሁለቱ ከፊት ተቀምጠዋል።)

ፊልጶስ፦ አየህ? ከሆስፒታል እስከ ቤት እንቅልፍ። ምንም ሳይሰሙ፣ ምንም ሳያዩ። ቅዳሜ «ያ ኢንጂነር ልጅ» ነው የሚሉኝ።

ተገኝ፦ ይሄኛው ማንኮራፋት ከጠዋቱ ይለያል። የጠዋቱ ዜማ ነበረው።

ፊልጶስ፦ የማንኮራፋት መምህር ሆንክ ደግሞ? (ስልኩ ይጮሃል) ሳሮን ናት! «ፊሊ፣ እማዬ መኪና ውስጥ ሆና የላከችልኝን ቴክስት ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ።» (ከፍ አድርጎ ያነባል) «ልጄ፣ ወንዶቹ ኮፈኑ ሥር ያወራሉ። እንዳያፍሩ ብዬ እያንኮራፋሁ እሰማለሁ...» (ይቆማል።)

ተገኝ፦ ቀጥል እንጂ።

ፊልጶስ፦ (ድምፁ እየሰለለ) «አንዱ ‹ተርቦ ነው፣ ተርቦ ነው› እያለ ሲጮህ አንጀቴ አልቻለም፤ ዳቦዬን በመስኮት ሰጠሁ። የበላው ግን ሌላው ነው። ዲዝል ናት ብሎኛል፣ ይሄን ሂሳብ ለቅዳሜ አቆይቼለታለሁ። ኢንጂነር አይደለም። ካርቶን ነው የሚቆጥረው። ይሄን ለሞተሩ ሲነግረው ሰማሁ፤ ለሞተር የሚዋሽ ሰው ደግሞ የለም። ፎርሙን ሰኞ እንዲያስገባ ንገሪው። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይምጡ። ግን ዳቦዬን የበላው ልጅ አብሯቸው ካልመጣ በር አልከፍትም፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞባቸው እስኪመጡ ቀኑን ሙሉ አልጠብቅም።»

ተገኝ፦ ዳቦው ላይ ጥቁር አዝሙድ ነበረበት። ጥሩ ዳቦ ነው።

ፊልጶስ፦ አንተ ነቅተው እንደነበር ታውቅ ነበር!

ተገኝ፦ ሦስት ጊዜ መስኮቱ አልኩህ። ሦስት ጊዜ ስለ ሙቀት አስተማርከኝ።

ፊልጶስ፦ (ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ) ሁሉንም ሰሙ። ሁሉንም!

ተገኝ፦ ሰምተውም ሽማግሌ ይምጣ ብለዋል። መጨረሻው ላይ ምን ይላል?

ፊልጶስ፦ «አሁን ሙቀቱ መጣ፤ እግሬም ሞቀ። በይ ልተኛ ነው።»

ተገኝ፦ እንግዲያው ጠዋት «ተኝተዋል ወይስ አልተኙም?» ብዬ የጠየቅኩህ ጥያቄ መልስ ተገኘለት። ቴክስቱ የተላከበትን ሰዓት እየው እስቲ፤ የተኙት ያኔ ነው።

ፊልጶስ፦ (ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ) ዘጠኝ ከአሥር ይላል።

ተገኝ፦ በእኛ?

ፊልጶስ፦ (እያቃሰተ) ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር።