«ውለዱ፣ ክበዱ» ብዬ ቤት አስከለከልኩ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረፋድ በገዛ አንደበቴ የደረሰብኝን ውርደት ሳልነግራችሁ መዋል አልቻልኩም!

ይህን ገጽ ልጄ ከከፈተችልኝ ጀምሮ አንድም ፖስት ጽፌ አላውቅም። የሰው አነባለሁ፤ ላይክ እንኳ ቆጥቤ ነው የምሰጠው። ዝምታ ያስከብራል ብዬ አምን ነበር።

ነበር!

ቢኒያም የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ከሲሪንቃ ወደ እኛው ወልዲያ ተዛውሯል። እርሱና ሚስቱ ሄለን እዚህ የሚኖሩበትን ቤት አከራዩ ለልጁ መዳሪያ ስለፈለገው፣ እስከ እሑድ ማስረከብ አለባቸው። አምስት ቤት ጠየቁ። አምስቱም «ወጣቶች ናችሁ፤ ነገ ትወልዳላችሁ» ብለው መለሷቸው።

ስድስተኛዋ አከራይ እትዬ ዘምዘም ናቸው። ግድግዳቸውን ገና ቀለም ማስቀባታቸው ነው። ልጅ ይሞነጫጭርበታል፣ ድመት ትቧጥረዋለች ብለው ሁለቱንም ከግቢያቸው አግደዋል። ተከራይ የሚያስገቡትም የሚያውቁት ሽማግሌ ዋስ ሲሆን ብቻ ነው።

ዋሱ እኔ ሆንኩ።

«ልጅ የላቸውም?» አሉኝ።

«የላቸውም» አልኩ። ሁለተኛ ቃል አልጨመርኩም። እትዬ ዘምዘም በቁጥብነቴ ረክተው ቁልፉን ለሄለን ሰጧት።

እዚህ ላይ ተሰናብቼ ብወጣ ኖሮ!

«በሉ መምህር፣ መርቀው ያስገቧቸው» አሉ።

እንግዲህ ሽማግሌ መርቅ ሲባል ምን ይላል? እጄን ዘረጋሁ።

«ቤቱን የሰላም ያድርግላችሁ!»

«አሚን!» አሉ እትዬ ዘምዘም ከሁሉም ቀድመው።

«ውለዱ፣ ክበዱ!»

«አሚን!»

ብዙ ዘመን ዝም ያለ ሰው አንዴ ከጀመረ ማቆሚያውን አያውቅም። «ይህ ግቢ በልጅ ጫጫታ ይሙላ! መንታ በመንታ ላይ ይደረብ!»

አሚን የሚል ጠፋ።

«ቆይ እንጂ! በልጅ የሚሞሉት የማንን ግቢ ነው?» እትዬ ዘምዘም ቁልፉን ከሄለን እጅ መልሰው ወሰዱ። «አንቱ ዋስ ሆነው ነው የመጡት ወይስ ሊያስወልዱ?»

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ ለልጄ እንዳትነግሯት። ምርቃቱን ላሻሽል ሞከርኩ! «ምርቃቱ የሚጸናው የኪራዩ ውል ካበቃበት ዕለት አንሥቶ ነው» አልኩ።

«ዱዓ ደግሞ ቀጠሮ አለው እንዴ?»

ቢኒያም ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሄለን ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ቤቱ ይቅር» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ዓመት ልጅ ስንጠብቅ ኖረናል። ምርቃቱን አይመልሱብን።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ዘምዘም ቁልፉን በመዳፋቸው አገላበጡ። ለሄለን ያዘኑ መሰለኝ። ንዴታቸው ግን መውረጃ ፈለገና እኔ ላይ አረፈ።

«የአንቱ ሰርቪስ ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ባዶ አይደል? በሩ ላይ የለጠፉትን ማንበብ የማልችል መሰለዎ?»

ያነባሉ። ጽሑፉን በቃላቸው ደገሙልኝ፦ «ልጅ፣ ውሻ፣ ድመት፣ ሬዲዮና እንግዳ የሌለው ጸጥተኛ ላጤ ይፈለጋል።»

ቢኒያም አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገባኝ። እርሱም አንብቦት ኖሯል! ክፍሉን ሳይጠይቀኝ ዋስነት ብቻ የጠየቀኝ ለዚህ ነው። እኔ በሬን ዘግቼ የሌላውን በር ላስከፍትለት ክራቫት አስሬ ወጣሁ።

ሰው በሰባ ዓመቱ እንዲህ ይጋለጣል?

«ዕቃችሁን ወደ እኔ አምጡ» አልኩ።

«አሚን!» አሉ እትዬ ዘምዘም። ይህኛው ከሁሉም የጎላ ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ያን ወረቀት ከበሩ ላይ ስፍቅ ዋልኩ። ጥሩ ሙጫ መርጬ ነበር ለካ! እናንተ አከራዮች፣ የምትከለክሉትን ከመለጠፋችሁ በፊት የምትመርቁትን አስቡ።

ቢኒያምና ሄለን አሁን አልጋቸውን እየገጠሙ ነው። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ መንታ ማለቴን እያሰብኩ ነው።

ለመሆኑ፣ በገዛ ምርቃቱ እንቅልፍ የሚያጣ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?