ወንድም ጋሼ ወደ ግራ ሲታጠፍ

ሰው ለምን መንገድ እንደሚወጣ ሳስብ ይገርመኛል። እኛ መንገድ የምንወጣው ጉዳይ ሲኖረን ነው፤ ሠርግ ስንጠራ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ የታመመ ስንጠይቅ። እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ በዚያ ትራፊክ ስፕሪንግፊልድ ድረስ ስሄድ ጎረቤቴ "ወዴት ነው?" ቢለኝ የምመልሰው አላጣም። ፈረንጅ ግን ለመሄድ ብሎ ይሄዳል። መኪናውን ደጁ አቁሞ፣ የገዛ ብስክሌቱን ጋራዥ ውስጥ ሰቅሎ፣ ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር የሰው ብስክሌት ይነዳል፤ ያውም ቀስ እያለ። የት ለመድረስ? የትም። ሲመሽ ሻንጣው በመኪና ቀድሞት የገባበት ማረፊያ ይደርሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ጠዋት ደግሞ እንደገና የትም ለመድረስ ይነሣል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያሉት አባቶቻችን እንቁላሉ ለምን እንደሚሄድ አልጠየቁም። እኔ ግን መጠየቅ የምወድ ሰው ነኝ።

ይህን የምላችሁ እኔም ስለሄድኩ ነው፤ በስድሳ አንድ ዓመቴ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ቤዛ ናት። ቤዛ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ስትሰማ አበሻ፣ ስትመልስ አሜሪካዊት የሆነች ልጅ ናት። በመስከረም ልታገባ ቤቱ ሽር ጉድ እያለ፣ በሐምሌ አንድ ቀን አንድ ወረቀት አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በፈረንሳይ ገጠር፣ በሉዋር ወንዝ ዳር፣ በአሮጌ ግንቦችና በወይን እርሻዎች መካከል የስድስት ቀን የብስክሌት ጉዞ። ለእኔ፣ ለብቻዬ።

"ልጄ፣ ሠርግ ደርሶ እኔ ፈረንሳይ ምን ጉዳይ አለኝ?"

"ዳዲ፣ ጀስት ሂድ። ኖን-ሪፈንደብል ነው።"

ይህች "ብሩ አይመለስም" የምትል ቃል እኛ ዘንድ ያላትን ኃይል ታውቃላችሁ። ዐሥር ሽማግሌ ያልነቀነቀውን ሰው ብድግ ታደርጋለች። ብድግ አልኩ።

ዳለስ ኤርፖርት፣ መሳፈሪያው በር ላይ ስደርስ፣ ወንድም ጋሼ ሄልሜቱን ሻንጣው ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። በሰባት ዓመት ታላቄ ነው። እሱ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ በመካከላችን አንድ ድልድይና ትራፊክ ከሌለ የግማሽ ሰዓት መንገድ አለ። ተጣልተን ስለነበር ያንን ድልድይ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳችን ወደ አንዳችን አልተሻገርነውም። ሲያየኝ ክው አለ። ወዲያው የቤዛ ሥራ መሆኑ ለሁለታችንም ገባን። እንዳንመለስ ያቺ ቃል አለች። ደግሞ ዳለስ ላይ አበሻ የማያይህ ጥግ የለም፤ ዊልቸር የሚገፋው፣ ቡና የሚቀዳው፣ ታክሲ ላይ የሚጠብቅህ የእኛው ሰው ነው። ስለዚህ ተነሥተን ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን፤ አንድ ቃል ሳንተነፍስ። ሰው ፊት መኳረፍ ነውር ነዋ!

የጠባችንን ምክንያት ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ድሬዳዋ ላይ ያሳደገችን አክስታችን እትዬ በላይነሽ ነበረች። ያረፈች ዕለት፣ ረቡዕ፣ ወሬው እኔ ዘንድ ደረሰ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው መኪና እየነዳ ወይ ሥራ ቦታው ላይ ብቻውን ቆሞ አይረዳም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ በሩ ይንኳኳል፣ ተደግፎ ነው የሚነገረው። በዚህ አገር ሰው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ነውና ለቅዳሜ ማለዳ ሰው አሰናዳሁ። ዓርብ በምሳ ሰዓት ወንድም ጋሼ ፌስቡክ ከፈተ። ፎቶዋ፣ የሻማ ሥዕል፣ ከሥሩ የማያውቃቸው ሰዎች ነፍስ ይማር። ቅዳሜ ስምንት ሆነን በሩን ስናንኳኳ ጥቁር ለብሶ ከፈተልንና "ዘገያችሁ" ብሎ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላክሁ። ምሳ አብልቶ ሸኛቸው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ቤዛን መመረቅ የሚገባው እሱ ነው፤ ያለ ታላቅ ሰው ምርቃት የሚዳር ልጅ በቤታችን አላየንም። እሷም ብትሆን አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ሳይክል ካስተማራት አጎቷ ማንንም አታስበልጥም። "አንክል ካልመጣ ዌዲንግ የለም፤ አይ ሚን ኢት" ብላለች። እንግዲህ በስድስት ቀን ውስጥ ወይ እንታረቃለን፣ ወይ ሠርጉ ይቀራል።

አስጎብኚያችን ሲልቪ የምትባል ፈረንሳዊት ነበረች፤ እንደ ቄሰ ገበዝ እያንዳንዱን ድንጋይ ከነዕድሜው የምታውቅ። ይህ ግንብ ንጉሥ ያደረበት፣ ይህ ረጅም ክብ ቤት የመኳንንት ርግቦች የኖሩበት። ጌታዬ፣ ለርግብ ይህን ያህል ግንብ! መንደሩ ሁሉ ድንጋይ፣ መስኮቱ ሁሉ አበባ፤ ሰው ግን የለም። ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። በእኛ ገጠር እንግዳ በብስክሌት ቢያልፍ "ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? እህል ቀምሰሃል?" ሳይባል አንድ እርሻ አይሻገርም። እዚያ ግን ሦስት መንደር አቋርጠን ያየችን አንዲት ድመት ብቻ ነበረች። አበባውን ማን ውሃ እንደሚያጠጣው ሲልቪን ጠየቅኋት፤ ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ሌሎቹ ተጓዦች ጡረታ የወጡ ስምንት አሜሪካውያን ነበሩ። እነሱ ፊት ፊት ይነዳሉ። ወንድም ጋሼ ከኋላቸው እንደ ጳጳስ ቀጥ ብሎ፣ እያንዳንዱን የወይን ግንድ እየቆጠረ ይሄዳል። እኔ ከእሱ ኋላ። ጉልበት አጥቼ አይደለም፤ ከመጓዜ በፊት ሰፈሬ ባለው ወንዝ፣ ስላይጎ ክሪክ ዳር፣ አንድ ወር ተለማምጃለሁ። ግን ታላቅን ቀድሞ ማለፍ እንዴት ይሆናል? ቢኳረፉም ታላቅ ታላቅ ነው። እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲቆም እኔም እቆማለሁ፤ እሱ እንዳልፍ ይጠብቃል፣ እኔ እንዲቀድም እጠብቃለሁ፤ በዚህ መሐል አንድ ጊዜ አንድ ትራክተር ሁለታችንንም ጠበቀ። ማዕድ ላይ ደግሞ ጨው ስፈልግ አጠገቤ ላለችው አሜሪካዊት "ከዚያ ሰውዬ ጨው ተቀበይልኝ" እላታለሁ። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ጨዋታውን ለምዳ ሳልጠይቃት ታቀብለኝ ጀመር። ሁለት ቀን ተኩል እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ድሮ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት ከነበረ የድንጋይ ገንዳ አጠገብ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ሲልቪ በየመንታው ቢጫ ቀስት ትለጥፍልናለች። ቀስቱ ቁልጭ ብሎ ወደ ቀኝ ያመለክታል። ወንድም ጋሼ ወደ ግራ ታጠፈ።

አየሁት። "ወንድም ጋሼ፣ በቀኝ ነው" ለማለት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አንደኛ፣ ታላቅን ሰው በሌለበት እንኳ ማረም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተናገረ ተሸነፈ። ስለዚህ ተከተልኩት። አንድ የሱፍ አበባ እርሻ አለፍን፣ አንድ ጫካ አለፍን፣ ጣራ የሌለው አሮጌ ግንብ ደረስን። ስልኬ አልሠራ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዝም ያለች ምን እንደምታደርግ ግን የነገረኝ የለም።

ግንቡ ሥር ወንድም ጋሼ ከብስክሌቱ ወረደ። ዞር ብሎ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ።

"ቀስቱን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"እኔም አይቼዋለሁ" አለ። "አውቄ ነው የታጠፍኩት። እስቲ ዛሬስ ይነግረኝ እንደሆነ ብዬ። አልነገርከኝም። ያኔም ዝም፣ ዛሬም ዝም።"

ምን ልበል? ስለ መርዶ ወግ ልነግረው ስጀምር እጁን አነሣ።

"ወጉን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ቅዳሜን መጠበቅህ አይደለም የጎዳኝ። ሐሙስ ደውዬልህ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ስለ ዝናብ፣ ስለ ቤዛ እጮኛ አወራን። ሳቅክ፣ ዳኜ። እትዬ በላይነሽ ሞታ እየሳቅክ አዋራኸኝ። ያንን ሳቅ ሁለት ዓመት ከጆሮዬ ማውጣት አቃተኝ።"

ሁለት ዓመት የተዘጋጀሁበት ክርክር በሙሉ ከአፌ ጠፋ። "ድምፄ ቢሰበር ታውቅብኝ ነበር" አልኩት። "ስልኩን እንደዘጋሁ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያንን ሳቅ እንዴት እንደሳቅኩት እኔም አላውቅም።" እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም። ከፈረሰው ግንብ አንድ ድንጋይ አንሥቼ እንደ አገራችን ወግ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ጎንበስ አልኩ። "ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ድንጋዩን ቦታው መልሰው፤ ቅርስ ነው። ሲልቪ ካየችህ ታሳስርሃለች።"

ተቃቀፍን። እውነቱን ግን ከዚያ በኋላ ነው ያወጣው፤ ሊፈትነኝ የታጠፈው ለአንድ እርሻ ያህል ነበር፣ መመለሻው የጠፋው ጫካው ጋ ነው። እኔን "ዝም አልክ" ብሎ የወቀሰኝ ሰው መጥፋታችንን ለአንድ ሰዓት ያህል ደብቆኝ ነበር። መጥፋቱ ግን ቅር አላለንም። ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ሆነን፣ እንደ ድሬዳዋ ዘመናችን እጀታውን ለቀቅ እያደረግን፣ የሁለት ዓመት ወሬ በአንድ ትንፋሽ እያወራን ወረድን። እሱ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ የፊት ጎማው ኮረት ላይ ተንሸራተተ። ከወደቀበት ሳነሣው የቀኝ እጁ አንጓ አብጦ ነበር። ትራክተር የሚነዳ ገበሬ አሳፍሮን ሲልቪ ዘንድ አደረሰን፣ እሷም ክሊኒክ ወሰደችን፤ ተሰብሯልና በጄሶ ታሰረ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቤዛ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ከማንሣቴ በፊት ወንድም ጋሼ ጄሶውን ጠረጴዛ ሥር ደበቀና በዓይኑ ጠቀሰኝ።

"ይህ በስልክ አይነገርም" አለ በሹክሹክታ። "ሠርግ ደርሶባት ትደነግጣለች። አገር ገብተን፣ አስቀምጠን እንነግራታለን።"

ሁለታችንም ሳቅን፣ ተጫወትን፣ ስለ ርግቦቹ ግንብ ነገርናት። አጎቷና አባቷ በአንድ ስልክ ውስጥ ሲስቁ አይታ እሷም ሳቀች። "አንክል፣ ዌዲንጉ ላይ ትመጣለህ?" ስትለው "ማን ሊመርቅሽ ነው ታዲያ!" አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳቋ ግን አልተቋረጠም።

ዳለስ ስንደርስ ቤዛ ብቻዋን አልነበረችም። እናቷ፣ እጮኛዋ፣ ሁለት አክስቶቿ፣ የወንድም ጋሼ የአሌክሳንድሪያ ጎረቤት ሳይቀሩ ተሰልፈዋል። እጮኛዋ ለእጅ መደገፊያ የሚሆን ትራስ ይዟል። ወንድም ጋሼ ጄሶውን ኮቱ ውስጥ እንደሸሸገ ቆመ።

"አንክል፣ እጅህን አሳየኝ። ሲልቪ የዚያን ቀን ኮል አድርጋልኝ ነበር። የአንተ ኢመርጀንሲ ኮንታክት እኔ ነኝ፤ ነገር ከመጣ የሚደውሉት ለእኔ ነው።"

"ስንደውልልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ግን ሁለታችሁ ሶ ሃፒ ነበራችሁ። አላስቻለኝም።"

ወንድም ጋሼ ልጅቷን ትክ ብሎ አያት። "እያወቅሽ ነው እየሳቅሽ ያዋራሽኝ?" አላት፤ ድምፁ ከቁጣ ይሁን ከሌላ ነገር እኔም መለየት አልቻልኩም። ቤዛ ይቅርታ ጠየቀች። በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

እሱም ደህናውን እጁን አነሣና ራሷ ላይ ጭኖ፣ ያ ሁሉ መንገደኛ እያየን፣ እዚያው ሻንጣ መቀበያው አጠገብ መረቃት። "የአባትሽ ልጅ!" ብሎ ጨረሰ። ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልጠየቅኩትም፤ አሜን ግን ብያለሁ።