የጀበል ኩጁሩ ፏፏቴዬ እና የእትዬ ብርቄ ጉልበት

ዛሬ ጀበል ኩጁር ላይ የሆንኩትን ሳወራችሁ ግማሻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ስክሪንሹት ታነሳላችሁ። ይሁን! አወራዋለሁ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ የለጠፍኳትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ጥቁር አለት፣ በአለቱ ላይ እንደ ሐር የሚወርድ ውሃ፣ ዙሪያውን ቢጫና ቡናማ የቲክ ዛፍ ቅጠል። ፈረንጆቹ ቅጠላቸው ሲረግፍ የሚሉትን ሰምቼ «ኦተም በጁባ» ብዬ የጻፍኩባት።

ያቺ ፎቶ ውሸት ናት!

ቅጠሉ እውነት ነው። ውሃው ግን የቦቴ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሰናይት እባላለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሎጂስቲክስ ነኝ፤ በአማርኛ የዘገየ ጭነት መኪና እጠብቃለሁ ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ካሜራዬን ፌስታል ውስጥ ከቲማቲም ሥር ደብቄ እወጣለሁ። ጁባ መሃል ላይ ካሜራ ያወጣ ሰው ቀኑን ለወታደር ሲያስረዳ ይውላል። ስለዚህ ከከተማው ራቅ ብዬ ጀበል ኩጁር የሚሉት ተራራ ጀርባ እሄዳለሁ።

እዚያ ያለውን ጠዋት ብታዩት!

የበጋው ጉም መሰል አቧራ ገና አልተገፈፈም። ፀሐይዋ ብርቱካን ናት፣ በዓይን ትታያለች። የቲክ ቅጠሎቹ ሰሃን ያህላሉ፤ አንድ በአንድ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ መሬት ሲነኩም ድምፅ አላቸው። ኔትወርክ የለም። «ኧርጀንት» የሚል ኢሜይል የለም። ቁጭ ብዬ ቅጠል ሲወርድ አያለሁ፣ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም። በጁባ ሕይወቴ በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ይሄ ነው።

እና ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከአለቱ ላይ ውሃ ሲወርድ አየሁ። በበጋ!

ቀና ስል አለቱ አናት ላይ አንድ ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ ጥቁር ሮቶ፣ ከሮቶው አጠገብ ቦቴ። ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር።

ምን አደረግሁ? ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋሁ። የካሜራዬን ሻተር አዘገየሁት፣ ውሃው ሐር ሆነ። ቤት ገብቼ ሮቶውን ክሮፕ! ቦቴውን ክሮፕ! ለጠፍኩት።

ገጼ እንዲህ ዓይነት ላይክ አይቶ አያውቅም።

ከኮሜንቶቹ መሃል አንድ ሰው «ጸበል ፈልቆ ነው እንዴ?» ብሎ ጻፈ። እኔም ለሁሉም ኮሜንት እንደማደርገው ልብ ሰጠሁት። ቀይ ልብ! ሳላስበው ነው። ግን ጁባ ላለ ሐበሻ ክርስቲያን ያ ልብ «አዎ፣ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ» ማለት ነው።

አሁን እትዬ ብርቄን ላስተዋውቃችሁ።

ኮሎሎ መንገድ ላይ ምግብ ቤት አላቸው። ጁባ በገባሁ ሰሞን ወባ ሲጥለኝ፣ ሳምንት ሙሉ ክፍሌ ድረስ አጥሚት ያመላለሱልኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ አገር ዘመዴ ማን ነው ብትሉኝ እሳቸው ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው ግን ካመማቸው ቆየ። አዲስ አበባ ለኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዘዋል፣ የፊታችን ሐሙስ ይበራሉ። ያውም ሁለት ጊዜ አራዝመውት።

ማክሰኞ ምሳ ልበላ ስገባ ስልካቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ስክሪኑ ላይ የኔ ፎቶ!

«ሰኒዬ፣ እግዜር እዚሁ ድረስ አመጣልኝ። ትኬቱን ልሰርዘው ነው። እሁድ ትወስጂኛለሽ፣ አይቼ ለአባ እነግራቸዋለሁ።»

«እትዬ፣ የቦቴ ውሃ ነው።» አራት ቃል ናት! አራት ቃል ማለት አቃተኝ።

«እሺ» አልኩ።

ለምን በሉኝ። ስለ ኦፕሬሽኑ ሲወራ የሚጠቁረው ፊታቸው በርቶ ነበር፣ እሱን ማጥፋት አስፈራኝ። ደግሞ ላልዋሻችሁ፣ ላይኩም አሳሳኝ።

ከዚያ ብልጠቴን ተመልከቱ። እሁድ ቦቴ አይመጣም። ደረቅ አለት አሳያቸዋለሁ፣ «ወይኔ ደረቀ!» እላለሁ፣ ትንሽ ያዝናሉ፣ ሐሙስ ይበራሉ። ማንም አይዋረድም።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ራክሻ ላይ ወጡ። ራክሻ ማለት የኛዋ ባጃጅ ናት። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር እሳቸው ጉልበታቸውን ይይዛሉ፣ እኔ ልቤን።

ደረስን። አለቱ ደረቅ! ተመስገን አልኩ በሆዴ።

እትዬ ብርቄ ጫማቸውን አወለቁ። ቢጫው ቅጠል መሃል በባዶ እግራቸው ቆሙ። አንድ ቅጠል ወርዶ ነጠላቸው ላይ አረፈ፣ አላራገፉትም። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አላነሳሁም፣ ዛሬም እጄ ወደ ካሜራው አልሄደልኝም።

«ወይኔ እትዬ፣ ደርቋል መሰለኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

ትርርርርር!

ከላይ የፓምፕ ሞተር ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው መጣ። መጀመሪያ በአለቱ ስንጥቅ እንደ ክር፣ ከዚያ ሰፋ ብሎ፣ ፀሐይዋ እያበራችበት፣ ቅጠሉን እየገፋ እግራቸው ሥር ደረሰ። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ።

እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ እኔም አመንኩ። እኔ ራሴ!

ከአለቱ አናት አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ሰላም ታኩም! ኢታኩም ደሩ ሞያ?»

ሰላም ብሎን፣ ውሃ ትፈልጋላችሁ ወይ እያለን ነው። የቦቴው ሹፌር! ጀሪካኑን አየና ሰማያዊ ቱቦ እየጎተተ በደግነት ወረደ። መልስ ሳይጠብቅ አፍ እስከ ገደፉ ሞላልን።

«ሞያ ታ ባሃር!» አለ በኩራት። የወንዝ ውሃ ነው፣ አሁን የተቀዳ!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ ብርቄ «ሹክራን፣ የኔ ልጅ» አሉት። ቁጭ ብለው እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፣ ጫማቸውን አደረጉ። ሹፌሩ ቱቦውን እየጎተተ ወደ ላይ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አውቅ ነበር። ሮቶውን ቆርጬ ነው የለጠፍኩት» አልኩ።

«ሮቶውንስ ቆረጥሽው። ቱቦውን ግን ረስተሽዋል።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ፣ ስልካቸው ላይ ያስቀሩትን ፎቶ በሁለት ጣት አሰፉት። ከታች በቀኝ በኩል፣ ከቅጠሉ ሥር፣ የሰማያዊ ቱቦ ጫፍ! ስንት ሰዓት ኤዲት ያደረግኩት ፎቶ ነው!

«ማክሰኞ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«የኦፕሬሽኑን ቢላ ፈርቼ ነዋ! አንቺ ጸበል ላለው ሰው ልብ ስትሰጪው እኔም ቱቦውን ያላየሁ ሆንኩ። የሌላ ነገር ቱቦ ቢሆንስ እያልኩ። ካንቺ አፍ ‹ጸበል አይደለም› የሚል ብሰማ ግን እተወው ነበር። ማክሰኞ ጠበቅኩሽ። እዚህ እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ ጠበቅኩሽ።»

ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ተናደው ሳይሆን ደክሟቸው ነበር የተናገሩት።

«ትኬቱስ?» አልኩ።

«አልሰረዝኩትም። ስልኩን አነሳለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ብቻዬን መግባት ነው የከበደኝ፣ ሰኒዬ።»

ራክሻው ውስጥ ሆኜ ለአለቃዬ የሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ፈቀደ። ሐሙስ አብሬያቸው እበራለሁ።

ይህን ፖስት የጻፍኩት በእትዬ ብርቄ ትእዛዝ ነው። «ሌላ ሰው ጀሪካን ይዞ ሳይሄድ ዛሬውኑ እውነቱን ጻፊ» ብለውኛል። ጻፍኩ! የቦቴ ውሃ ነው፣ ወገኖቼ። አትሂዱ። ለቅጠሉ ከሆነ ግን ሂዱ።

ሁለተኛም ትእዛዝ አለ፦ «ካሜራሽን ጁባ ትተሽ ነይ።»

እና ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ ኦፕሬሽን ክፍል እስኪያስገቧቸው ድረስ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ ካሜራ የለመደ እጄ ምን ይይዛል? እስቲ ንገሩኝ።